ጾም የማያውቀው ስልክ

ባሌ ቄስ ገብረሰንበት ስፖርት ጀመሩ ሲባል ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሳቀባቸው፣ ግማሹ ለእኔ አዘነልኝ። እኔ እናኑ ግን ለሳቂውም ለአዛኙም ጊዜ አልነበረኝም። ነገሩን የጠነሰስኩት እኔው ነኝ፤ የጠነሰስኩበትም ምክንያት ነበረኝ።

በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ወገቤን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ብዙም ሳይቆይ እግሮቼ አልታዘዝ አሉኝ። የቀበሌው ሰው እህሉን ሳያነሳ ጥሎ በቃሬዛ ተሸክሞ ቡሬ አስፋልት ድረስ አወጣኝ፤ ከዚያ በመኪና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ገባሁ። የጀርባ አጥንቴን ቲቢ ሲበላው ኖሯል። ሐኪሞቹ ደግ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ስማቸውን እየጠራሁ እመርቃቸዋለሁ። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ከወሰድሽ ትድኛለሽ አሉኝ። ስለ እግሬ ስጠይቃቸው ግን እናያለን ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ቄሱ ከአልጋዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከረሙ። ያገላበጡኝ እሳቸው ናቸው፣ ያጠቡኝም እሳቸው ናቸው። ሻሽ የጠመጠመ ቄስ ሚስቱን ሲያጥብ አይተው የማያውቁ አስታማሚዎች ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። የጥምቀት ዕለት የከተማው ታቦት በመንገድ ሲያልፍ እልልታው በመስኮት ገባ። ቄሱ ተነሥተው ወደ ግድግዳው ዞሩና የተኛሁ መስሏቸው ተሳሉ። ኪዳነ ምሕረት ሆይ፣ እናኑን በእግሯ ካቆምሽልኝ ለመጪው ጥምቀት ታቦትሽን ከባሕረ ጥምቀቱ እስከ መንበርሽ ለማንም ሳላቀብል ተሸክሜ አገባለሁ አሉ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

እዚህ ላይ የእኛን ደብር የማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ቤተ ክርስቲያኗ ያለችው ኮረብታ አናት ላይ ነው፤ ባሕረ ጥምቀቱ ደግሞ ከታች ወንዙ ዳር። ዳገቱ ባዶ እጁን የሚሄደውን ጎረምሳ እንኳ ያስተነፍሳል። ካህናቱ በደህናው ጊዜም ታቦቷን እየተቀባበሉ ነው የሚያወጧት። ቄሱ ደግሞ ስድሳን ሊደፍኑ ትንሽ ነው የቀራቸው።

ሚያዝያ ላይ በዱላ እየተደገፍኩ ቤቴ ገባሁ። እመቤታችን የተለመነችውን ሰጥታለች፤ ተራው የቄሱ ሆነ። እሳቸው ግን አልቀው ነበር። እኔን ሲያስታምሙ ሲበሉም አልበሉም፣ ሲተኙም አልተኙም። ቀሚሳቸው ተንጠልጥሎባቸው ሳይ የእኔ በሽታ ወደ እሳቸው የተሻገረ ይመስለኝ ነበር። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት የኪዳነ ምሕረት ዕለት ታቦቷን ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞሩ፣ በመጨረሻው ዙር ጉልበታቸው ሲብረከረክ በዓይኔ አየሁ። አጠገባቸው የነበረው ወጣቱ ቄስ ላቀው ክንዳቸውን ባይደግፍ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብም አልወድም። ቤት ስንገባ ሁለታችንም የምናስበው ጥምቀትን ነበር።

ልጃችን ትርሲት ፍኖተ ሰላም የስፖርት መምህርት ናት። ለመስቀል ስትመጣ ጓዳ አስገብቼ ስለቱንም፣ የነሐሴውንም ነገርኳት። አባትሽን አጠንክሪልኝ አልኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

በማግስቱ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልኳን ለአባቷ ሰጠች። ስልኩ ውስጥ አፕ የሚሉት ነገር አለ። ኪስ ውስጥ ሲከቱት እርምጃ ይቆጥራል፤ የሄዱበትን መንገድ በካርታ ላይ እንደ ክር ይስላል፤ የተበላውን ምግብ ከነገሩት ጎደለ ሞላ ይላል። የዕለቱ ግብ ሲሞላ ይንቀጠቀጥና የወርቅ ዋንጫ ያወጣል። ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራውን አያቆምም፤ ለእኛ አገር ይኸ ትልቅ ነገር ነው። ቻርጅ የምናደርገው በሶላር መብራታችን ነበር። ትርሲት አባቷን አስቀምጣ ጡንቻ ያለ ፕሮቲን እንደማይሠራ አስረዳች። ገንቢ ምግብ ማለትሽ ነው ወይ አልኳት። እሱንማ የጤና ኤክስቴንሽኗ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ጆሯችን እስኪደነቁር ነግራናለች።

ቄሱ ለልጃቸው እምቢ ማለት አይችሉም። ከቅዳሴ በኋላ ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወንዙ ድረስ ወርደው፣ ያንን ዳገት ወጥተው፣ ተመልሰው ወርደው ወደ ቤት መምጣት ጀመሩ። እኔም እንዳይወድቁብኝ ስለምፈራ ዱላዬን ይዤ እስከ ዋርካው እሄድና እዚያ ተቀምጬ እጠብቃቸዋለሁ፤ ሲመጡ አብረን እንገባለን። ትርሲት ቁጭ ብድግም አዘዘች። ይኸንማ በዐቢይ ጾም እኔ ስግደት እለዋለሁ ብለው ተከራከሩ፣ ግን ሠሩት። ከሁሉም ሰፈሩን ያሳቀው የባቄላው ከረጢት ነው። ታቦት በአናት ነውና የሚያዘው፣ አንገት እንዲለምድ ባቄላ በከረጢት ሞልተው አናታቸው ላይ አድርገው ግቢውን ይዞሩ ጀመር። ጎረቤታችን ሀብትነሽ በአጥር አይታ፣ ቄሱ እህል ተሸክመው የሚሸሹት ከማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከእርጅና ነው አልኳት።

የመስከረም መጨረሻና ጥቅምት መልካም ሆነ። እንቁላሉንም ወተቱንም አልሰሰትኩም። ችግሩ ስልኩ የኛን ሃይማኖት አለማወቁ ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ቄሱ ወደ ቅዳሴ ሊሄዱ ሲሉ ጮኸና የተቀቀለ እንቁላል ሥዕል አወጣ። ቄሱ በሁለት ጣታቸው አንሥተው አቀበሉኝ።

«ይኸ ስልክ ጾም አያውቅም» አሉኝ። «እስቲ አንች አስተምሪው።»

ኅዳር አጋማሽ ላይ ጾመ ነቢያት ገባና እንቁላልም ወተትም ቀረ። ቅዳሴው የሚያልቀው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ቄሱ እስከዚያ ውሃ አይቀምሱም። ስልኩ በየቀኑ ጎደለ ጎደለ ይል ጀመር። ያን ጊዜ ነው ግብጦን ያሰብኩት። ጎጃም ውስጥ ግብጦ የሌለበት ጎተራ የለም፤ ገንቢነቱን ደግሞ ትርሲት ራሷ አንብባ ከሽምብራም ከባቄላም ይበልጣል ብላኛለች። አንድ ጠባይ ግን አለው። መራራ ነው፤ መራራነቱም መርዝ ነው። ተቆልቶ፣ በከረጢት ታስሮ፣ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ሳምንት ያህል ካልከረመ አይበላም። እኔም ቆልቼ አሰርኩና በዱላዬ እያዘገምኩ ወርጄ፣ ባሕረ ጥምቀቱ አጠገብ ካለው መሻገሪያ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ጭኜበት ተመለስኩ። የመጀመሪያው ሲደርስ ልጬ፣ ጨው ነስንሼ ሰጠኋቸው። ወደዱት። እሱን እየበሉ ሌላ እንዲደርስ ሁለተኛውን ከረጢት እዚያው ከተትኩ፤ እንዲህ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ ቀጠለ።

ታኅሣሥ ሲገባ ቄሱ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከዳገቱ ሲመጡ ዋርካው ሥር ተቀምጬ ሳያቸው እግራቸው መንገድ ይስታል። አፌ ደረቀ ይላሉ፣ ውሃ ሲጠጡም አይረኩም። ዳዊቱ ላይ ፊደሉ ደፈረሰብኝ አሉኝ። አንድ ቀን አጥሩን ይዘው ቆመው ምድር እስክትረጋላቸው ሲጠብቁ አገኘኋቸው። የምመግባቸውን ጨመርኩ፤ አልተሻላቸውም። ልቤ ፈራ። በእኔ የተነሣ ሊሞቱብኝ ነው ብዬ አለቀስኩ፣ ያለቀስኩትም ጓዳ ገብቼ ነው።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ነጠላቸውን ሳያነሡ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር ሰቀሉት።

«ለላቀው ሰጠሁት» አሉ።

ታቦቷን ማለታቸው ነው። ለአለቃውም ለካህናቱም ተናግረው መጥተዋል፤ ዘንድሮ ታቦቷን ላቀው ይሸከም፣ እኔ አልቻልኩም ብለዋል። የእመቤታችን መልሷ ይኸ ከሆነ ምን አደርጋለሁ አሉኝ። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በእሳቸውም በራሴም በእግሬም ይመስለኛል። እኔ ድኜ ተቀምጬ እሳቸው የተሳሉትን ሳያደርሱ ቢቀሩ፣ ከዚያ በኋላ ኪዳነ ምሕረት ደጅ በምን ፊቴ እቆማለሁ? ለትርሲት ደውዬ ፈቃድ ጠይቀሽ ነይ አልኳት።

ትርሲት ስትመጣ አባቷ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ስልኩን ከሚስማሩ አውርዳ ከፈተችው። የመንገዱን ክር አሳየችኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን ይነሣና ወደ ታች ወርዶ ወንዙ ዳር ይቆማል። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በየቀኑ እዚያችው ቦታ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ላይ ያለው መንገድ እያጠረ እያጠረ ሄዷል። ምስኪን አባዬ፣ ወንዙ ጋ ሲደርስ እየደከመው ነው የሚያርፈው አለች። ቦታውን በጣቷ አስጠቁሜያት ደግሜ አየሁት። መሻገሪያው ነው። ግብጦዬ ያለበት ነው።

ከተቀመጥኩበት እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ትርሲት ከኋላዬ እማዬ ቀስ በይ እያለች ትጣራለች፤ እኔ ዋርካውን አልፌ ቁልቁል ወርጃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ቅዳሴውም አልቋል። መሻገሪያው ጋ ስደርስ ቄሱ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ድንጋይ ላይ ተንበርክከዋል። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ወንዙ ውስጥ ከተዋል። ከከረጢቱ ጭብጥ ሙሉ ግብጦ አወጡና አማተቡ፤ ከዚያ አፋቸው ውስጥ ጨምረው ፊታቸው እንደ ጨርቅ እየተጨማደደ ያኝኩ ጀመር።

«ቄሱ፣ ምን እየበሉ ነው?» አልኳቸው።

ደነገጡ፣ ግን አልተፉትም። እንደምንም ዋጡትና አፋቸውን አበሱ።

«ገንቢ ነው ብለሽ የለ? ስልኩ ጎደለ ሲለኝ ጊዜ እንዲሞላ ብየ ነው።»

«ገና አልታጠበም እኮ። አይመርዎትም?»

«ይመራል እንጅ። ኮሶስ ይመር የለ? የሚጠቅም ነገር መች ጣፋጭ ሆኖ ያውቃል ብየ ዋጥኩት።»

ቄሱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያደጉት በአብነት ትምህርት ቤት ነው። ግብጦ ተልጦ ጨው ተነስንሶ ሲቀርብላቸው እንጂ ሲታጠብ አይተው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዳቸውን ቀድሰው፣ በዚያ ባዶ ሆድ ላይ በየቀኑ መርዝ ሲጨምሩ ከርመዋል። ራስ የሚያዞረው፣ አፍ የሚያደርቀው፣ ዓይን የሚያፈዘው እሱ ነው፣ እርጅናም የእመቤታችንም መልስ አይደለም ብዬ ነገርኳቸው። ሳቄ መጣ። ከሳቁ ብዛት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተቀምጬ ደግሞ እንባዬን መመለስ አቃተኝ።

«ታቦቱን ለላቀው ከሰጡ በኋላ ምን ያደርግልዎታል ብለው ይበሉታል?» አልኳቸው።

ቄሱ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ አደረቁና አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምናልባት እስከ ጥምቀት ይሠራልኝ እንደሆን ብየ ነው» አሉ። «አንችን ሰጥታኝ እኔ ባዶ እጄን ስቀር አፈርኩ፣ እናኑ።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ የሚለውን ቃል በዕድሜዬ ሁሉ ለውሃም ለእሳትም ስለው ኖሬያለሁ። የዚያን ቀን ግን ለባሌ አልኩት፤ ስለ በርጩማው፣ ስለ ማጠቡ፣ ስለ መራራው ግብጦም ጭምር እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኳቸው። ሆስፒታል ውስጥ ሲሳሉ ነቅቼ እንደሰማሁም ነገርኳቸው። ትርሲት ደርሳ ሁለታችንንም እያለቀስን አገኘችን፤ ከረጢቱን ከወንዙ አውጥታ በትከሻዋ ይዛ ወደ ቤት ነዳችን። ዱላዬን የት እንደተውኩት ያን ዕለት ያስታወሰ ሰው የለም።

ግብጦው ከሆዳቸው እንደወጣ ዓይናቸው ጠራ። ምድርም መዞሯን ተወች። የቀረው ላቀው ነበር። ላቀው ታቦት ተሸክሞ ዳገቱን ወጥቶ አያውቅም፤ ዘንድሮ አንተ ነህ ሲባል ለእናቱ ሄዶ መናገሩን ሰምተናል። ቄሱ የሰጡትን መልሰው መለመን ከበዳቸውና ሁለት ጊዜ እስከ ደጁ ሄደው ተመለሱ። በሦስተኛው አብሬያቸው ሄድኩ። ስለቱን ሲነግሩት ላቀው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ቅር እንዳለው ፊቱ ያስታውቃል፤ አልሸሸገም። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ጥላውን እኔ እይዛለሁ፣ የኔታ» አለ። «ቢያቅትዎ ትከሻየ አጠገብዎ ነው።»

ላቀውን እግዚአብሔር ይባርከው። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ሦስቱንም ሳያቸው የዚያን ቀን ፊቱ ይታየኛል።

ቀሪዎቹ ሳምንታት ሳይታወቁ አለፉ። ቄሱ ከወንዙ ዳገቱን እንደገና መውጣት ጀመሩ፣ የባቄላውም ከረጢት ከበደ። ግብጦውን አሁን እኔው እጠብቀዋለሁ፤ በየቀኑ ወንዙ ድረስ አብሬያቸው ወርጄ ውሃው በደንብ እየፈሰሰበት መሆኑን አይቼ እመለሳለሁ። እምነት ጠፍቶ አይደለም፣ ግን ቄሱ አሁንም ጣፋጭ ነገር አይወዱም። ገና ሲደርስ እንቁላሉ ተመለሰ፤ ስልኩም ጎደለ ማለቱን ተወ።

የጥምቀት ዕለት ረፋድ ላይ ቄሱ ወደ ድንኳኑ ከመግባታቸው በፊት ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ታቦት ካለበት ስልክ አይገባም። በመሀረብ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ድንኳኑ ሲከፈት ታቦቷ በአናታቸው ላይ ነበረች፤ ላቀው ትልቁን ጥላ ይዞ በጎናቸው ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እልልታው አልወጣልኝም፤ ዓይኔን ተረከዛቸው ላይ ተክዬ ተከተልኩ።

ዳገቱን ቀስ እያሉ ጀመሩት። መዘምራኑ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ ነው። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ቄሱ ቆሙ። የፊተኛው ካህን ዞሮ አየ። ታቦት መንገድ ላይ ሲቆም በእኛ አገር ታቦቷ አልሄድም አለች ይባላል፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ወረደና ሕዝቡ በድንጋዩ ላይ ተንበርክኮ እግዚኦ ማለት ጀመረ። እኔም ተንበረከክኩ፤ ግን የቆመው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከቀሚሳቸው በታች ጉልበታቸው እንደ ነሐሴው ይብረከረካል። ላቀው ተጠግቶ በጆሯቸው አንድ ነገር አላቸው። ታቦት የተሸከመ አይናገርም፤ ቄሱ በዓይናቸው ብቻ መለሱለት።

ላቀው ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ጸሎት ጠፋብኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ትርሲት በግቢያችን ስታዛቸው የነበረችው ቃል ብቻ ነበር፤ ብድግ፣ ብድግ አልኩ በሹክሹክታ። የቀኝ ጉልበታቸው ቀስ ብሎ ቀና አለ። ግራው ተከተለ። አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ሌላም ጨመሩ። ያኔ እልልታው መጣልኝ፤ ዳገቱን ጨርሰው፣ ቅጥሩን አልፈው፣ መጋረጃው ከኋላቸው እስኪዘጋ ድረስ አላቋረጥኩም።

ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ላቀው ውሃ አመጣላቸው። ሰው ሁሉ ጉልበታቸውን እየሳመ ያልፋል። እኔም ልቀርብ ስል ደረቴ ውስጥ ያለው ስልክ ተንቀጠቀጠ። ሰው የደወለ መስሎኝ ለትርሲት አቀበልኳት። መሀረቡን ፈታችና አየችው። የወርቁ ዋንጫ ወጥቷል። ለአባትሽ አሳዪያቸው፣ ደስ ይበላቸው አልኳት።

ትርሲት ስልኩን መልሳ ወደ እኔ አዞረችው።

«የአባዬ አይደለም፣ እማዬ» አለችኝ። «ስልኩ አንቺ ጋ ነበር።»

ቄሱ ሰምተዋል። ስልኩን ተቀብለው ዋንጫውን አርቀው ይዘው አዩት። ከዚያ የወጣነውን ዳገት አዩ፣ ቀጥለውም እግሬን አዩ። ዱላ ሳልይዝ ባዶ እጄን ነው የቆምኩት። አምና በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት አልጋ ላይ ያገላበጡኝ በእነዚያው እጆቻቸው ነበር።

«እኔስ ታቦቷን ተሸክሜ መጣሁ» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «አንችንስ ማን ተሸክሞ አመጣሽ?»

«ማንም» አልኳቸው። «በእግሬ ነው የመጣሁ።»